በእሳት በተጎዳ አገር አልፎ ፈረስ ለማየት፦ የአንድ ቀን ጉዞ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ሜልበርን የሚኖር አንድ የሀበሻ ቤተሰብ ለሽያጭ የቀረበ ፈረስ ለማየት ያደረገውን የደርሶ መልስ ጉዞ ይመዘግባል። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2020 ማርች መጀመሪያ ነው። መንገዱ ያን በጋ እሳት የበላውን የምሥራቅ ጊፕስላንድ አካባቢ ያቋርጣል። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ፤ ፈረሱ ላይ ግን ድምፅ አልነበረኝም። ስም አልጠቅስም። የሻጯ እርሻም በብሩትንና በቡካን መካከል ነው ከማለት አልፌ አልናገርም።

ፈረስ ስለመግዛት ምክር ሞልቷል። ስለ እሳት ጥንቃቄም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ቅዳሜ ሲገጣጠሙ የሚሆነውን ግን የጻፈው ሰው አላገኘሁም። የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ዳራ

ምሥራቅ ጊፕስላንድ የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ጫካና ተራራ ይበዛበታል። እሳቱ የተነሳው ኖቬምበር 21 ቀን 2019 በመብረቅ ነው። ለሳምንታት ጫካ ውስጥ ሲነድ ቆይቶ በዓመቱ የመጨረሻ ሁለት ቀናት ሙቀትና ነፋስ ሲያገኝ ገነፈለ። በቡካን፣ በሳርስፊልድና በክሊፍተን ክሪክ ቤቶች ወደሙ። ማላኩታ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ተከብቦ ቀረ፤ ከፊሉ ኋላ በባሕር ኃይል መርከብ ወጣ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2020 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የአደጋ ሁኔታ አወጀ። በቪክቶሪያ ብቻ ያን በጋ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ተቃጥሏል። ዋና ዋናዎቹ እሳቶች ተገቱ የተባለው ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። እኛ የሄድነው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው።

የሚቃጠለው ባብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ባሕር ዛፍን የምናውቀው በማገዶና በአጣና ነው፤ በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን የከበበ ዛፍ። በትውልድ አገሩ ሌላ ጠባይ አለው። ቅጠሉ ዘይት አለበት። ቅርፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። የነደደው ቅርፊት በነፋስ ተንሳፍፎ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሌላ እሳት ይለኩሳል። ያልሞተው ግንድ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ከጥቁሩ ቅርፊት መሃል አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል። በዚያን ጊዜ ያንን መንገድ ያየ ሰው ግንዱ ሁሉ ፀጉር ያበቀለ ይመስለዋል።

ቤተሰቡ የሚኖረው በሜልበርን ምዕራብ ነው። አባት ሹፌር ነው። እናት በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ ያን ቀን ሥራ ስለነበራት አልመጣችም። ልጃቸው 14 ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግልቢያ እየተማረች ነው ያደገችው። አባትየው ለዓመታት «ፈረስ የንጉሥ ነው» እያለ ሲያልፋት ከርሞ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ፈረሱ የሚያርፍበት ቦታም ቀድሞ ተገኝቶ ነበር፤ ሜልተን አካባቢ በወር ኪራይ የሰው ፈረስ የሚያስግጥ እርሻ።

አማካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ የልጅቷ የግልቢያ አስተማሪ፣ አውስትራሊያዊት። አብራን መምጣት አልቻለችም፤ ግን ከመሄዳችን በፊት የሠራችው ሥራ ይበልጣል። ሁለተኛው የቤተሰቡ ወዳጅ የሆኑ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ያደጉት አዊ ውስጥ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት አገር። ፈረስ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል።

ማስታወቂያው አጭር ነበር። ዳማ ፈረስ፣ የተኮላሸ፣ ስምንት ዓመት። ዘሩ የአውስትራሊያ ስቶክ ሆርስ፤ ከብት ሲያግድ የኖረ። ቁመቱ 14.2 ሃንድ፣ ማለትም 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዋጋው 4,000 ዶላር። የሚሸጥበት ምክንያት፦ አጥርና ግጦሽ በእሳት በመጥፋቱ።

ችግሩ

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ «ይገዛል ወይስ አይገዛም?» ነው። ስንቀመጥበት ግን ተደራረበ።

መንገዱ ለአንድ አቅጣጫ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመጨረሻው ክፍል የተቃጠለ ጫካ ነው። መንገድ ተከፈተ ማለት ሰላም ሆነ ማለት አይደለም። ሥሩ የተቃጠለ ዛፍ ነፋስ ሳይኖር ይወድቃል። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ማርች ላይ ደግሞ የእሳት ወቅት ገና አላለቀም።

ፈረሱ ራሱም ታሪክ አለው። ለሳምንታት ጭስ ሲስብ ነው የከረመው። ጭስ በደንብ የሳበ ፈረስ ሳንባው እስኪያገግም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ሥራ እንዳይሠራ የእንስሳት ሐኪሞች ይመክራሉ። ሰኮናውም ትኩስ አመድ ረግጦ ሊሆን ይችላል። መኖውም በአንድ ሌሊት ተለውጧል፤ ከለመደው ግጦሽ በጭነት መኪና ወደመጣ የእርዳታ ድርቆሽ።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የፈራሁት «ይህን ያህል መጥተን» የምትለዋን ሐሳብ ነው። ስምንት ሰዓት ነድቶ ባዶ እጅ መመለስ ያንገበግባል። ልጅቷ ፎቶውን የስልኳ ፊት ላይ አድርጋዋለች። አባትየው ጭራሽ ከጓደኛው ፍሎት፣ ማለትም ፈረስ የሚጫንበትን ተጎታች፣ ተውሶ «ካማረን ይዘነው እንመለሳለን» ብሎ ተዘጋጅቷል። ሻጯም ሌላ ሰው እሑድ ሊያየው እንደሚመጣ ነግራዋለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ግን ጥድፊያው ከሁሉም አቅጣጫ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት የተደረገው

አስተማሪዋ መጀመሪያ ያለችው ፍሎቱ እቤት ይቅር ነው። ምክንያቷ ግልጽ ነበር። ፍሎት የጎተተ ሰው ገና ሳያይ ግማሹን ገዝቷል። በተቃጠለ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ተጎታች ይዞ ዞሮ መመለስም መከራ ነው። አባትየው አልተዋጠለትም። «ሁለት ጊዜ ነዳጅ ልከፍል?» አለ። በመጨረሻ ያሳመነችው ልጅቷ ናት፤ አስተማሪዋን ከአባቷ በላይ ታምናታለች።

ሁለተኛው ያን ቀን ምንም ገንዘብ እንዳይከፈል ነው። ፈረሱ ቢወደድ እንኳ ሐኪም እስኪያየው ቃል ብቻ ይሰጣል።

ሦስተኛው የመቅሪያና የመመለሻ ደንብ ነው። በዋዜማው ማታ ወይም ጠዋት ለምሥራቅ ጊፕስላንድ የእሳት ክልከላ ቀን፣ ማለትም ደጅ እሳት ማንደድ በሕግ የሚከለከልበት ቀን፣ ከታወጀ ጉዞው ይቀራል። ያኔ የነበረው የእሳት አደጋ ደረጃ ስድስት እርከን ነበረው፤ ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ በአራት ተተክቷል፦ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛና አውዳሚ። መንገድ ላይ ሳለን በቪክኢመርጀንሲ፣ ማለትም በክፍለ ግዛቱ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መተግበሪያ፣ ወይም በኤቢሲ ጊፕስላንድ ሬዲዮ በመንገዳችን ላይ ማስጠንቀቂያ ከተሰማ የመንገዱ የመጨረሻ ትልቅ ከተማ በሆነችው ቤርንስዴል ላይ እንቆማለን። ከእርሻው የምንወጣውም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ካንጋሩና ዎምባት የሚባለው ወፍራም የዱር እንስሳ መንገድ የሚያቋርጡት በብዛት ሲመሽ ስለሆነ፣ አጥር በሌለበት አገር ደግሞ ከብትም ስለሚቀላቀል፣ ጫካውን በጠራራ ብርሃን ማለፍ ፈለግን።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ተጻፈ። ጋሼ ሳቁ። «ለፈረስ ገበያ ሕገ መንግሥት አወጣችሁ» አሉ።

መኪናው ውስጥ የገባው ብዙ ውሃ፣ ረጅም ሱሪና የተዘጋ ጫማ፣ የመንገዱ አቅጣጫ በወረቀት ላይ፣ እና የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ብርድ ልብሱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ጋሼ ጋቢያቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ቶሎ ይቀጣጠላል። መኪና ውስጥ ሳለህ እሳት ከደረሰብህ የሚመከረው ገላጣ ቦታ ላይ ማቆም፣ መስኮት መዝጋት፣ ከመስኮቱ ደረጃ በታች ዝቅ ብሎ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ሱፍ መከናነብ ነው። የመንዝ ባና ቢኖረን እሱ ይሻል ነበር።

አስተማሪዋ ሻጯን በስልክ አነጋግራ ቪዲዮም አስልካለች፤ ሳይቆራረጥ፣ ፈረሱ መስክ ላይ ሲያዝ፣ ኮርቻ ሲጫንና ሲጋለብ። ቪዲዮው ላይ ፈረሱ በፈቃዱ ወደ ሰው ይመጣል። ለጉዞው እሺ ያሰኘን ይህ ነው።

መንገዱ

ሊነሳ የታሰበው 12 ሰዓት ነበር። ጋሼ ከዚያ ቀድመው በር ላይ ቆመዋል። የተነሳነው ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። ያው የሀበሻ ቀጠሮ። ይቺ አንድ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ተከተለችን።

ሞርዌል፣ ትራራልገንና ሴል ድረስ ምንም የለም፤ ሰፊ መንገድ፣ ሜዳ፣ የወተት ላም። ቤርንስዴል ላይ ነዳጅ ሞላን፤ ከዚያ በኋላ ትልቅ ከተማ የለም። ማስጠንቀቂያም ተመለከትን፤ ንጹሕ ነው።

ሳርስፊልድ ላይ አገሩ ተቀየረ። ጭስ ማውጫው ብቻ የቆመ ቤት። የቀለጠ የመንገድ ምልክት። ግራና ቀኝ አጥር የሌለው የእርሻ በር፣ ተቆልፎ። አባትየው ሬዲዮውን ዝቅ አደረገው። ጋሼ «ይህን ሁሉ አጥር ማን ያጥረዋል?» ብለው ጠየቁ። ብዙውን ያጠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ብሌዝኤይድ የሚባል ድርጅት አለ፤ ከ2009ኙ የቪክቶሪያ እሳት በኋላ የተመሠረተ፣ ሰው ሰብስቦ ለተቃጠለባቸው ገበሬዎች አጥር የሚሠራ። በዚያ ሰሞን በየመንደሩ ሽቦ ሲወጥሩ ይታዩ ነበር።

ከብሩትን በኋላ መንገዱ ጠባብ ነው። አንድ ቦታ ላይ አደገኛ ዛፎች እየተቆረጡ ስለነበር በአንድ መስመር ብቻ ነበር የሚታለፈው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆምን። እዚያ ቆመን ሳለ የስልኩ ካርታ በጫካ ውስጥ የሚያልፍ አቋራጭ አሳየ። አባትየው ዓይኑን ጣለበት፤ «ይህን ያህል ዘግይተን…» ብሎ ጀመረ። ወረቀታችን ላይ ከዋናው አስፋልት አንወጣም ተብሎ ተጽፏል። ክርክሩን የዘጋው ወረቀቱ ነው። መኪና አሳላፊዋን ስንጠይቃት አቋራጩ ገና አልተከፈተም፤ ካርታው አያውቅም። ብንሄድ መግቢያው ላይ ከመዝጊያ ጋር ተፋጠን እንመለስ ነበር። መዝጊያ ባይኖር ደግሞ የባሰ።

እርሻው ላይ

ሻጯ በሩ ላይ ጠበቀችን። መጀመሪያ ስለ ፈረሱ አላወራችም፤ ስለ ሌሊቱ ነው ያወራችው። እኛም አላቋረጥናትም። አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለግዢውም የሚጠቅመን ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነበር።

እሳቱ ሲመጣ ፈረሶቹን ጋጣ ውስጥ አልዘጋችባቸውም። ከብት ግጦ ጨርሶት መሬቱ ገላጣ በሆነ፣ ኩሬ ባለው መስክ ለቀቀቻቸው። የናይለን የራስ ማሰሪያቸውንና የጀርባ ልብሳቸውን አወለቀች፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጋጣውና ድርቆሹ ነደደ። ፈረሶቹ ተረፉ። ጃንዋሪ ላይ ሐኪም ሁሉንም አይቷቸዋል፤ ወረቀቱን አሳየችን። በስልክ «ጭስ ጎድቶታል?» ስትባል መልሷ «ደህና ነው» ብቻ ነበር። የት ቆሞ እንደነበር፣ ጭሱ ስንት ሳምንት እንደቆየ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደበላ፣ መጨረሻ የተጋለበው መቼ እንደሆነ የሰማነው ግን ከዚህ ወሬ ነው። የተጋለበው ዲሴምበር ላይ ነበር። ለቪዲዮው ከወጣባት አጭር ግልቢያ በቀር ሥራ አልነካም።

ጋሼ ፈረሱን ወዲያው አልነኩም። አጥሩን ተደግፈው ቆዩ። ልጅቷ ሽንጡን እያየች ትንፋሹን ቆጠረች፤ በደቂቃ 12። ያረፈ ፈረስ ከ8 እስከ 16 ነው የሚተነፍሰው። ከዚያ ራሷ ሄዳ ያዘችው። መንጋጋው ሥር ጣቷን አድርጋ የልብ ምቱን ለካች፤ 36። ከ28 እስከ 44 ጤነኛ ነው። ይህን ያስተማረቻት አስተማሪዋ ናት። ጋሼ ተገርመው «የኔ ልጅ፣ ሐኪምም ሆነሻል?» አሏት።

ዕድሜውን ሁለት መንገድ አየነው። ጋሼ ጥርሱን አይተው ዘጠኝ ወይም አሥር አሉ። ትከሻው ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር ተተኩሷል። እዚህ አገር በዘር የተመዘገቡ ብዙ ፈረሶች ላይ የላይኛው ቁጥር የውርንጭላው ተራ፣ የታችኛው የተወለደበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው። የታችኛው 0 ነበር፤ 2010። አውስትራሊያ ውስጥ የፈረስ ዕድሜ የሚቆጠረው ከኦገስት 1 ነው፤ ስለዚህ ዘጠኝ ዓመቱ። ማስታወቂያው ስምንት ይላል። ሻጯ ማስታወቂያውን ካለፈው ዓመት ገልብጣ እንደለጠፈችው ነገረችን። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ብቻ ሌላውንም ነገር ሁሉ በዓይናችን ማየት እንዳለብን አስታወሰን።

የቀኑ ትልቁ ግኝት የጋሼ ነው። የፊት እግሩን አንስተው ሰኮናውን በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት። ፀጉሩ ከሚያልቅበት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የሚሄድ ቀለበት አለ። «ይቺ የእሳቱ ቀን ናት» አሉ። ሒሳቡ ልክ ነው። ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሁለት ወር ሲቆጠር እዚያው ይደርሳል። ድንጋጤ፣ ትኩሳት ወይም የመኖ ለውጥ እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። ቀለበቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። የሚያስፈራው ቀለበቶቹ ከፊት ተጠጋግተው ወደ ተረከዙ ሲሰፉ ነው፤ ያ የሰኮና ውስጥ ብግነት ምልክት ይሆናል። ይሄኛው ከፊትም ከኋላም እኩል ነበር። ሰኮናውም አልሞቀም። ግን ኤክስሬይ ይነሳ ተባለ።

ከዚያ ሶምሶማ። ሻጯ መጀመሪያ ራሷ ጋለበችው። ሲጀምር አንዴ አሳለው፤ ትንሽ ቆይቶ ደገመው፤ ከዚያ ተወው። ብዙ ፈረስ ሲነሳ አንዴ ያስላል፤ ሥራ ፈትቶ የከረመ ደግሞ ይበልጥ። ሳንባው ስለተጎዳ ነው ወይስ ስለሰነፈ? በዓይን አይለይም። ልጅቷም ወጣችበት። ችግሩ አጥር የነበረበት መስክ ሁሉ ክፍት ስለሆነ መጋለብ የሚቻለው ትንሽ የከብት በረት ውስጥ ብቻ ነበር። ሽምጥ አልታየም። መኪና ባለበት መንገድ ላይ ምን እንደሚመስልም አልታየም። ይህ ክፍተት እስከ መጨረሻው አልተሞላም።

ጋሼ ያላወቁትን አንድ ነገር አስተማሪዋ ቀድማ ነግራን ነበር፤ አመድ። እዚህ አገር ብዙ የአጥር እንጨት እንዳይበሰብስ በመዳብ፣ በክሮምና በአርሰኒክ ይታከማል። ሲቃጠል መርዙ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ጨው ጨው ስለሚል ከብትና ፈረስ ይልሱታል፤ ይገድላል። ሻጯ ታውቃለች። አብዛኛውን በኤሌክትሪክ ገመድ ለይታዋለች። ከኩሬው ማዶ ግን ያልተለየ የተቃጠለ ምሰሶ አየን። ስንነግራት ወዲያው ገመድ ይዛ ሄደች፤ አባትየውም አብሯት ሄዶ ችንካር መታ። እኔ በዚያን ጊዜ ሻጯን ማመን ጀመርኩ።

ዋጋ

የከረረው ክርክር ለብቻችን መኪናው አጠገብ የተደረገው ነው። አባትየው መርካቶ ያደገ ሰው ነው። ያልተከራከሩበት ዋጋ ያሳክከዋል። «ሰኮናው ምልክት አለው፣ ይስላል፣ ሴትዮዋም መሸጥ አለባት። ከሦስት ሺህ እንነሳ» አለ። ጋሼ ተቆጡ። «ቤቱ በተቃጠለበት ሰው ላይ ዋጋ አይሰበርም። ነውር ነው።» አባትየውም መለሰ፤ «ጋሼ፣ ልጄን የማስቀምጠው ፈረስ ላይ እንጂ ሐዘን ላይ አይደለም።»

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የሰውን ችግር ለዋጋ መጠቀም ያስጠላል። ለሰው አዝኖ የታመመ ፈረስ መግዛት ደግሞ ለማንም አይበጅ፤ ለፈረሱም። መፍትሔው ሳሉንና ሰኮናውን ለሐኪም መተው ሆነ። አባትየው የተጠየቀውን ዋጋ እንደሚቀበል፣ ግን ሐኪሙ ካለፈው ብቻ እንደሆነ ነገራት። ሐኪሙ ችግር ካገኘ በተገኘው ልክ ይነጋገራሉ። እሷም ተስማማች። የእሑዱ ሰው ቢመጣ እንደሚቀድማቸው ግን ፊት ለፊት ነገረቻቸው። አባትየው ዋጠው።

ሻይ አፈላችልን። እምቢ ማለት አልተቻለም። የወጣነው ከዘጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ገደማ አልፎ ነው። ጫካውን በብርሃን አለፍነው።

ከዚያ በኋላ

የእሑዱ ሰው አልመጣም፤ ወይም መጥቶ አልገዛም። የአካባቢው ሐኪሞች በተቃጠለ ከብት ሥራ ተወጥረው ስለነበር ቀጠሮው ተጎተተ። ምርመራው ከተለመደው ሰፋ ያለ ነበር። ሳንባው ተደመጠ። በቀጭን ካሜራ የአየር ቧንቧው ታየ። ሁለቱ የፊት ሰኮናዎች ኤክስሬይ ተነሱ። ሕመምን የሚደብቅ መድኃኒት ተሰጥቶት እንደሆነ ለማወቅ ደም ተወሰደ። ጋሼ ሒሳቡን ሲሰሙ «በዚህ ብርማ እኛ አገር…» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ውጤቱ፦ ሰኮናው ውስጡ ጤነኛ። ደሙ ንጹሕ። የአየር ቧንቧው ላይ ትንሽ አክታ። ሐኪሙ ለተጨማሪ ሳምንታት በእርምጃ ብቻ እንዲሄድ፣ አቧራ የሌለውና ውሃ የተነከረ ድርቆሽ እንዲሰጠው አዘዘ። ዋጋው ላይ ትንሽ ቅናሽ ተደረገ፤ ያቀረበችው ራሷ ሻጯ ናት።

ማርች 16 ቪክቶሪያ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ አወጀች። አባትየው ራሱ ሄዶ ሊያመጣው የነበረው ዕቅድ ቀረ። ፈረሱ የመጣው ሥራው ፈረስ ማጓጓዝ በሆነ ሰው መኪና ነው። ሜልተን ሲደርስ ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ተለይቶ ቆየ። ይህ ለማንኛውም አዲስ ፈረስ የሚደረግ ነው፤ የተለያየ እርሻ ድርቆሽ ሲበላ ለከረመ ደግሞ የአረም ዘር በፋንድያው እንዳይዛመትም ይረዳል። ሳሉ ቀስ በቀስ ጠፋ።

የሠራውና ያልሠራው

ፍሎቱን ማስቀረት ከሁሉም በላይ ሠርቷል። ፍሎት ቢኖር ጋሼና አባትየው መኪናው አጠገብ ያን ክርክር አያደርጉም ነበር፤ ፈረሱ ተጭኖ ነበር። የተጻፈው ደንብም ሠርቷል፤ በተለይ አቋራጩ ላይ። የደከመና የዘገየ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ የሚወስነው ውሳኔ ሶፋ ላይ ሆኖ ከወሰነው ጋር አይመሳሰልም።

የስልኩ ጥያቄ አልሠራም። «ደህና ነው?» የሚል ጥያቄ «ደህና ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው የሚያመጣው። የሙከራ ግልቢያውም ጎድሎ ቀረ። አስቀድሞ አጥር ያለው መጋለቢያ በአቅራቢያ አለ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ከጎረቤት መዋስ ይቻል ነበር፤ ሻጯ ኋላ ላይ እንዳለ ነግራናለች።

የስምምነቱ ወረቀት ደግሞ የስልክ መልእክት ብቻ ነበር። ፈረሱ ሐኪሙን ካላለፈ የምርመራውን ወጪ ማን ይችላል የሚለው አልተጻፈም። ገዢው ነው የሚችለው ተብሎ ቢታሰብም ሻጯ «ግማሽ በግማሽ መስሎኝ» አለች። ስላለፈ ጠብ አልሆነም።

ከዚህ የሚወሰደው

እሳት ባለፈበት አገር ፈረስ የሚያይ ሰው ስለ እሳቱ ቀንና ሰዓት ዝርዝር ይጠይቅ። ጭሱ ስንት ሳምንት ቆየ፣ የት ቆሞ ነበር፣ ምን ይበላል፣ መቼ ተጋለበ። ከዚያ ሰኮናው ላይ ቀኑን ፈልጎ ከወሬው ጋር ያስተያየው። ሰኮናው ሙሉ በሙሉ አድጎ እስኪተካ ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ስለሚፈጅ፣ እሳቱ ካለፈ ብዙ ቆይቶም ይህ ማስረጃ አይጠፋም፤ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ።

የመንደር እውቀትና ሐኪም አይጣሉም። ጋሼ ያገኙትን ቀለበት እኔ ብቻዬን ብሆን አላየውም ነበር። ጋሼ ደግሞ የአየር ቧንቧ ውስጥ ማየት አይችሉም። አባትየው መጀመሪያ ላይ «ጋሼ ካሉ ሐኪም ምን ያደርጋል?» ብሎ ነበር። እምቢ ያሉት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ «እኔ ፈረስ አውቃለሁ፣ ጭስ ግን አላውቅም።»

ከሻጭ ጋር ሲነጋገሩ የእሳቱን ወሬ ሳያቋርጡ መስማት ጊዜ ይወስዳል፤ ለዚያ የሚሆን አንድ ሰዓት ከመጀመሪያው ይመደብ። የመነሻ ሰዓቱ ሲወሰንም ሻዩ ይቆጠር። ገጠር ውስጥ ያለው የፈረስ ሐኪም አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም የሻጩ የቆየ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ይህ ያጋጥማል፤ ሌላ ሐኪም ከሩቅ ማምጣት ካልተቻለ ገዢው አስቀድሞ ይወቀውና ውጤቱ በጽሑፍ፣ ኤክስሬዩም በፋይል በቀጥታ ለእሱ እንዲላክ ይጠይቅ። እኛ ፋይሉን ለአስተማሪዋ ሐኪም ልከን ሁለተኛ ዓይን አይቶታል፤ ክፍያውም አነስተኛ ነበር።